እህል የጫነ መርከብ

ልጄ በቢሾፍቱ የመርከበኞች ትምህርት ቤት ተምሮ ከወጣ በኋላ፥ ስንዴ በሚያመላልስ መርከብ ላይ ሥራ ማግኘቱን በጻፈልኝ ጊዜ እጅግ ደስ አለኝ። ነዳጅ ከሚጭን ይልቅ እህል የሚጭን መርከብ የዋህ ነው ብዬ አስቤ ነበርና። ይህ አሳቤ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው።

እህል በጆንያ ሳይሆን እንዲሁ ፈስሶ ሲጫን፥ መርከቡ ባዘነበለ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ይንሸራተታል፤ እንደ ገናም ወደ ስፍራው አይመለስም። ፓሚር የተባለው የጀርመን የሸራ መርከብ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ከቦነስ አይረስ ወደ ሐምቡርግ ገብስ ጭኖ ሲሄድ፥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ አገኘው፤ ገብሱም ስለ ተንሸራተተ ተገልብጦ ሰጠመ። ከ86 ሰዎች የዳኑት 6 ብቻ ናቸው። ከሞቱት የሚበዙት ለትምህርት የተሳፈሩ ወጣቶች ነበሩ። ይህን ባነበብሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የማዕድን አፈርም ቢሆን ዕርጥበት ካለው አይታመንም፤ በባሕሩ መናወጥ ጭቃ ሆኖ ይፈስሳል። በ2015 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ከማሌዥያ ቦክሳይት ጭኖ የወጣው በልክ ጁፒተር እንዲሁ ሆኖ ሰጠመ፤ ከ19 መርከበኞች የተረፈው ወጥ ቤቱ ብቻ ነው።

ይልቁንም ልቤን የያዘው ድምፅ የሌለው አደጋ ነው። እህል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይተነፍሳልና ኦክሲጅኑን ይጨርሰዋል። የገባ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል፤ ሊያነሣው የወረደውም በላዩ ይወድቃል። ይህን እኔ ባሕር ሳላይ በጨርጨር ዐውቄዋለሁ። አያቴ የማሽላውን ጕድጓድ ሲያስከፍቱ አፉን ገልጠው ያሳድሩትና፥ በማግሥቱ የበራ ፋኖስ በገመድ ያወርዱ ነበር፤ ፋኖሱ ከጠፋ ማንም አይወርድም። እኛ ልጆች ግን መብራቱን የሚያጠፋው ጋኔን ይመስለን ነበር።

ይህንኑ ለልጄ ጻፍሁለት። እርሱም፦ «አባባ፥ በመርከብ እሳት ማውረድ ክልክል ነው፤ የድንጋይ ከሰል የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፥ የእህልም ትቢያ ይነዳል። አየሩን በመሣሪያ ሳንለካና የጽሕፈት ፈቃድ ሳንቀበል አንወርድም» ሲል መለሰልኝ።

መልሱ መልካም ነው። እኔም፦ «ጓደኛህ ከታች ወድቆ ብታየውስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ለዚህኛው ጥያቄዬ ገና አልመለሰልኝም።