ሠርጋችን በሰው ቤት

አንድ ሰው የራሱ ግቢ እያለው ሠርጉን በጎረቤት ግቢ ሲደግስ አይታችሁ እንደ ሆነ የዛሬው ወሬዬ አይከብዳችሁም።

እኔ ባሕር ዳር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ፋይል ከመደርደሪያ አውራጅ፣ ወደ መደርደሪያ መላሽ ጸሐፊ ነኝ። አጎቴ ደግሞ በጣና ዳር ደንገል እያጨዱ ታንኳ ሲያስሩ ያረጁ ሰው ናቸው።

ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን በከተማችን ስታዲየም ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከአይቮሪ ኮስት ጋር ይጋጠማል። አለቃዬን፣ «አጎቴ አሟቸዋልና ያሰናብቱኝ» ብዬ ወጣሁ። በሽተኛው ግን ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

ስታዲየሙ ከ50,000 ሰው በላይ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ወንበር ስላልነበረው ከሲሚንቶው ደረጃ ላይ ካርቶን አንጥፈን ተቀመጥን። ዘወር ብል አለቃዬ ከኋላችን ካርቶናቸውን ሲያነጥፉ አየሁ። እሳቸውም አዩኝ። ሳንነጋገር ተግባባን።

2 ለ 1 አሸነፍን። ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ይጨፍር ስለ ነበር ስለ ወንበር ያሰበ አልነበረም። አጎቴ ብቻ ካርቶናቸውን እያጠፉ፣ «ልጄ፣ ይህ ቤት የሚያልቀው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ለጊዜው ይበቃል ጋሼ፤ ሰው ገብቶበት የለም እንዴ!» ብዬ ሳቅሁ።

«ታስሮ ባላለቀ ታንኳም ሰው ይሳፈራል» አሉና ዝም አሉ።

በመጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረታን፤ በኋላም ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። በመስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 አሸነፈን። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሙ መመዘኛውን አያሟላም ሲል አገደው። ከጋና ጋር በሜዳችን ልናደርገው የነበረውን ጨዋታ ጆሃንስበርግ ሄደን ተጫወትነው።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ከአጎቴ ጋር ቡና ቤት ገብተን በቴሌቪዥን ግብፅን ስንገጥም አየን። ዳዋ ሁጤሳና ሽመልስ በቀለ አንዳንድ ጎል አግብተው 2 ለ 0 ስናሸንፍ ቤቱ ተናወጠ።

«ሜዳው የት ነው?» አሉ አጎቴ።

«ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ከተማ።»

«ባለሜዳው ማን ነው?»

«እኛ ነን ጋሼ።»

አጎቴ የቡና ስኒያቸውን አስቀመጡ። «በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫውን ስንወስድ እኮ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በገዛ ሜዳችን ነበር። ዛሬ ጥሪው የእኛ፣ ድንኳኑ የሰው ሆነ?» አሉ። የምመልሰው አጣሁ። ስታዲየሙ እኮ እዚያው ከተማችን ውስጥ ቆሟል።

ያን ሌሊት በሐሳቤ ጥፋተኛ ስፈልግ አደርሁ። መሐንዲሱን ከሰስሁ፤ ሹሙን ከሰስሁ። ሊነጋ ሲል ግን «ለጊዜው ይበቃል» ያለው የራሴ አፍ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ዐርብ ቢሮ ገብቼ መሳቢያዬን ሳብሁ። ከታች፣ የአንዲት ባልቴት የጡረታ ማመልከቻ አለ። የጎደለው አንድ ማኅተም ብቻ ነው። በላዩ «ለጊዜው ይቆይ» የሚል ተጽፎበታል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ ስምንት ወር ሆኖታል።

ወረቀቱን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። አይተው፣ «ይህ እስካሁን አላለቀም እንዴ?» አሉ። ማኅተሙን አሳርፈው ሲመልሱልኝ ቀና ብለው አላዩኝም።

ስታዲየሙም ከዚያ ወዲህ የጎደለው እንዲሟላለት ሥራ ተይዞለታል። አጎቴ ካርቶናቸውን እስካሁን አልጣሉትም። እኔ ግን አንባቢ ሆይ፣ በየሳምንቱ ዐርብ መሳቢያዬን እስከ ታች ድረስ እፈትሻለሁ።