የአራት ሰዓት እንግዶች በጋቱን ሐይቅ

የሽርሽር መርከቡ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከኮሎን ወደብ ተጠግቶ አደረ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ በደረታቸው ላይ ቁጥር ያለበት ክብ ወረቀት የለጠፉ ሠላሳ ያህል መንገደኞች በአውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ጋምቦአ አመሩ። ከእነርሱም መካከል ከባርቤዶስ የመጡ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት አረጋዊት መምህርት ነበሩ። ሌሎቹ የመጡት ጦጣ ለማየት ነው፤ እርሳቸው ግን ውሃውን ለማየት። ይህንንም ለማንም አልተናገሩም።

ጀልባዋ ወደ ዳር ቀርባ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ደኑ ከመታየቱ በፊት ተሰማ። ድምፁን ብቻ የሰማ ሰው አንበሳ ነው ብሎ ይምል ይሆናል። ዳሩ ግን ጯኂው ጦጣ ነው፤ በጉሮሮው ውስጥ ያለው አጥንት ተልቆ እንደ ከበሮ ባዶ በመሆኑ፣ ከአካሉ ጋር የማይመጣጠን ጩኸት ያሰማል። አስጎብኚው ወጣት ቀጥሎ ሴክሮፒያ የተባለችውን ዛፍ አመለከተ። ግንዷ እንደ ሸምበቆ ክፍት ሲሆን ጉንዳኖች ይኖሩበታል። ዛፏ ቤትና ቀለብ ትሰጣቸዋለች፤ እነርሱም በፈንታቸው ቅጠሏን ሊበላ የመጣውን ተባይ ይነክሳሉ፣ ሊጠመጠምባት የቃጣውንም ሐረግ ይቆርጣሉ። በዚያችው ዛፍ ላይ ግን ጉንዳኖቹን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ቅጠሏን የሚያላምጥ አንድ ስሎዝ ተንጠልጥሎ ነበር። ይህ ዘገምተኛ እንስሳ የበላውን ለመፍጨት ቀናት ይፈጅበታል፤ ወደ መሬት የሚወርደው በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል፣ ያውም ለመጸዳዳት ነው፤ በጸጉሩም ላይ አረንጓዴ ዋቅላሚ ይበቅላል። መርሐ ግብሩ ለእርሱ የፈቀደለት አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። አንድ እጁን አንሥቶ ሳይጨርስ ሞተሩ ተነሣ።

ከዳርቻው ራቅ ብሎ ጥቋቁር የዛፍ ጉቶዎች ከውሃው ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ። ከመንገደኞቹ አንዱ ምን እንደሆኑ ጠየቀ። አስጎብኚውም ሐይቁ ተፈጥሯዊ አለመሆኑን አስረዳ። የቻግሬስ ወንዝ ለፓናማ ቦይ ሲባል በመገደቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ሸለቆው በውሃ ተሞላ፤ 425 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ከነዛፉና ከነመንደሩ ሰጠመ። ከኮረብታዎቹ አንዱ ባሮ ኮሎራዶ የተባለ ደሴት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1923 ተጠብቆ እንዲኖር ተወሰነ፤ ከ1946 ጀምሮም በስሚዝሶኒያን ተቋም ሥር ሆኖ፣ በዓለም ላይ እጅግ ከተጠኑት የሐሩር ደኖች አንዱ ለመሆን በቃ።

መምህርቷ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። «የቆፈሩትስ?» አሉ።

«ስለ ማን ይጠይቃሉ፣ እመቤቴ?»

«ስለ ቆፋሪዎቹ። አያቴ እዚህ ቆፍሯል።»

ከባርቤዶስ ብቻ ሃያ ሺህ ያህል ሰዎች በውል ተቀጥረው ወደዚህ መጥተዋል። ነጩ አሜሪካዊ ደመወዙን በወርቅ መዝገብ ሲቀበል፣ ጥቁሩ ሠራተኛ በብር መዝገብ ይሰለፍ ነበር፤ የአካፋ ሠራተኛው ክፍያ በሰዓት አሥር ሳንቲም ነበር። የመኖሪያው ሰፈር፣ የምግብ አዳራሹ፣ ትምህርት ቤቱ ሳይቀር በሁለቱ መዝገቦች ተከፍሎ ነበር። በአሜሪካ የግንባታ ዘመን የሞቱት በይፋ የተመዘገቡት 5,609 ናቸው፤ አብዛኞቹም ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁሮች ናቸው።

ወጣቱ የድምፅ ማጉያውን ዘግቶ ከአጠገባቸው ተቀመጠ። «የእኔም ቅድመ አያት ከጃማይካ ነው የመጣው» አለ። «ነገር ግን በተሰጠኝ ጽሑፍ ውስጥ የለም።»

በእርግጥም ጽሑፉ ስለ ደኑ ውበት ብዙ ይላል። ለውበቱ ብቻ ሲባል ግን እስከ ዛሬ ይቆም ነበር ብሎ ለመናገር አያስደፍርም። አንድ መርከብ በቦዩ በሮች ሲያልፍ ሁለት መቶ ሚሊዮን ሊትር ያህል ጣፋጭ ውሃ ወደ ባሕር ይፈስሳል፤ የፓናማ ከተማና የኮሎን ነዋሪዎችም የሚጠጡት ከዚሁ ተፋሰስ ነው። ዝናቡን ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቀው ደኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ድርቅ በመጣ ጊዜ በቀን የሚያልፉት መርከቦች ከ36 ወደ 24 ዝቅ እንዲሉ ተደርጓል። ሪዮ ኢንዲዮ የተባለውን ወንዝ ገድቦ ውሃ ለመጨመር የወጣው ዕቅድም መሬታቸውን ከሚያጡ ገበሬዎች ተቃውሞ አስነሥቷል። ሸለቆ የማስጠሙ ነገር፣ እንግዲህ፣ በ1913 አላበቃም።

በመልሱ መንገድ ቱካን የተባለው ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍ ታየ፤ ሁሉም ወደ ቀኝ ተጋፉ። ወጣቱ ግን ወደ መምህርቷ ጎንበስ ብሎ፣

«የት ነበር የሠሩት?» አለ።

«ኩሌብራ።»

«ይህች ጀልባ ወደዚያ አትገባም። ግን እዩት፤ ከዚያ መታጠፊያ ይጀምራል» ብሎ በእጁ አመለከተ።

መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላ ጨርቅ ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ከመታጠፊያው ላይ ፎቅ በሚያህል ኮንቴይነር የተጫነ መርከብ ቀስ እያለ ብቅ አለ። ጀልባዋ መንገድ ለቅቃ ወደ ዳር ተጠጋች፤ ማዕበሉም እስኪያልፍ ሁሉም መቀመጫቸውን ይዘው ጠበቁ።