ሚኒባሳችን ናይሮቢ ላይ

ባለፈው የትምህርት ቤት እረፍት አክስታችንን ልንጠይቅ ከካምፓላ ተነስተን፣ በማላባ ድንበር በኩል ናይሮቢ ገባን። አክስታችን ኢስሊ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። እኛ ከወላጆቻችን ጋር ስድስት ነን። ለሆቴል የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረን አባታችን የሚሠራበትን ሚኒባስ የኋላ ወንበሮች አውልቆ ፍራሽ አነጠፈበት፤ አንድ ድንኳንም ጫንን።

የኢስሊ መንገድ ሁሉ ገበያ ስለሆነ እዚያ መኪና አቁሞ መተኛት አይታሰብም። ጠይቀን ጠይቀን ካረን በሚባለው ሰፈር፣ አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ መንገደኞች የሚያርፉበት ግቢ አገኘን። ጥበቃና ሙቅ ውሃ አለው፤ ክፍያው በሰው ቁጥር ነው። ረከሰልን ብለን ተደሰትን። ካረን ግን ከኢስሊ ሲታይ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። በየቀኑ በማታቱ ስንመላለስ ያተረፍነው ገንዘብ መንገድ ላይ አለቀ። እናንተም ቦታ ስትፈልጉ የማደሪያውን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ የመመላለሻውንም ደምሩ።

ከሁሉ የከበደን ግን የአክስታችን ቅሬታ ነው። «እኔ ቤት እያለኝ ወንድሜ ሜዳ ላይ ይደር?» ብላ አለቀሰች። አባታችን «እንዳናጨናንቅሽ ብለን ነው» ቢላትም አልሰማችውም።

በመጨረሻው ቀን ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ፣ ልጆቿን አስከትላ ካረን ድረስ መጣች። ድንኳኑ አጠገብ ቡና አፈላች። ልጆቹ ከእኛ ጋር ሚኒባሱ ውስጥ ተደራርበው አደሩ። ያን ሌሊት የአሥር ሰው ከፈልን፤ አባታችንም አላጉረመረመም።