«እማዬ ብቻዋን ፓርክ ትሄዳለች!»

«ፓርክ» የምትባል አንዲት ቃል እናትና ልጅ ስታኳርፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ቤት፣ አዳማ፣ ይኸው ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ በከተማው ሰው አፍ ሙሉ ስሙ ቀርቶ «ፓርክ» ብቻ ሆኗል። «የት ነው የምትሠሪው?» «ፓርክ።» በቃ። ባለቤቴም እዚያ ካሉት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ባንዱ ተቀጥራ ስፌት መኪና ላይ ከተቀመጠች ሁለት ዓመት አልፏታል። ጎህ ሳይቀድ ሰርቪስ ትይዛለች፤ ኦቨርታይም ያለ ቀን ስትመለስ ልጆቹ ተኝተዋል።

የአራት ዓመቷ ልጃችን ታዲያ ፓርክ ሲባል የምታውቀው ዥዋዥዌና ሸርተቴ ያለበትን ነው። አንድ ቀን ማታ እናቷ ልትስማት ጎንበስ ስትል ፊቷን አዞረችባት።

«ምን ሆንሽብኝ የኔ እናት?»

«አንቺ በየቀኑ ብቻሽን ፓርክ ትሄጃለሽ! እኔን አትወስጂኝም!»

እኔ ሳቅሁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ስትቆይብኝ ጊዜ ብከተላት ሽንኩርት እየላጠች ነው። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት የሚያስልጥ ወጥ አልነበረንም።

እኔ እንግዲህ ለየጋዜጣው በጽሑፍ ልክ እየተከፈለኝ የምኖር ሰው ነኝ፤ ቢሮዬም ቤቴ ነው። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሁለት ልጆች ባለሙሉ ሥልጣን ሞግዚት ሆኛለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት 3 ቀን ይሰጣል። ሦስት ቀን! ዳይፐር ፊቱና ጀርባው የቱ እንደሆነ እንኳ በሦስት ቀን አይለይም። እንደኔ ቀጣሪ ለሌለው ደግሞ ይህችም የለችም።

ቤት ውስጥ ሞግዚት መሆንስ ማንም አያይም። ጣጣው መውጣት ነው። ዓመት ከመንፈቁ የሆነው ትንሹ ልጅ አሥር እርምጃ ሄዶ «እቀፈኝ» ይላል፤ በየቀኑ ባጃጅ መያዝ ኪሴ አይፈቅድም። ስለዚህ የባለቤቴን አንቀልባ አንስቼ አዘልኩት። ወንድ ልጅ፣ በአደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ!

አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቆሙኝና «እናቱ ሞታ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ኧረ ሥራ ላይ ናት እማማ» ብላቸው «ተመስገን» ብለው አማተቡ፤ ያመኑኝ ግን አይመስለኝም። የሰፈራችን ጥግ ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች ደግሞ «ጡትስ ታጠባለህ?» እያሉ ይሳሳቃሉ። ከሁሉ የባሰችው የገዛ እናቴ ናት። «ወንድ ወልጄ ሞግዚት አደረገችብኝ» ብላ ለጎረቤት ማውራቱ አልበቃት ብሎ፣ ባለቤቴን ፊት ለፊት «ምናለ ብትተዪውና ልጆችሽን ብታሳድጊ» አለቻት። የቤት ኪራያችንን የምትከፍለው ማን እንደሆነች ለእናቴ የነገርኳት ያን ዕለት ነው። ቡናዋን ሳትጨርስ ተነስታ ሄደች።

ወደ ኩርፊያው ልመልሳችሁ። ልጅቷን በወሬ ማሳመን አልተቻለም። «ሥራ ነው» ሲሏት «ሥራ ምንድነው?» ትላለች። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አለባብሼ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ። የአዳማን ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አቧራውን ዓይን ውስጥ እየበተነ ይቀበላችኋል። ራቅ ብሎ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይሽከረከራሉ። አዳማ አንድ 34፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች አሏቸው። ልጄ ግን መቁጠር የምትችለው እስከ አሥር ነው፤ አሥር ስትደርስ ከአንድ ትጀምራለች፤ መንገዱ እስኪያልቅ ቆጥራ አልጨረሰቻቸውም።

በሩ ላይ ደረስን። ልጆች ይዞ መግባት እንደማይቻል ጥበቃው በትሕትና ነገረን። ከአጥሩ ውጪ ቆመን ሰፋፊዎቹን ጣሪያዎች በጣቴ አሳየኋት።

«ዥዋዥዌውስ?»

«የለም።»

«ሸርተቴውስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ እማዬ ቀኑን ሙሉ ምን ታደርጋለች?»

«የሰው ልብስ ትሰፋለች።»

ብዙ ዝም አለች። አጥሩን ይዛ ማየቷን ግን አልተወችም።

ሠራተኛው ሲለቀቅ ጎርፍ ነው የሚመስለው። አብዛኞቹ ሴቶች፣ አብዛኞቹም ወጣቶች፣ አንድ ዓይነት የሥራ ልብስ የለበሱ። ትንሹ ከእጄ አምልጦ ዱብ ዱብ እያለ ሄዶ የአንዷን እግር አቀፈ። እናቱ አልነበረችም። ልጅቷ ሃያ ሁለት ቢሆናት ነው፤ ብድግ አድርጋ አንገቱ ሥር ሳመችው።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዓመት ከመንፈቅ።»

«የኔም እሱን ያክላል። አርሲ፣ እናቴ ጋ ነው» አለች። የሚሳፈሩበት ሰርቪስ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ አላወረደችውም። ስታወርደውም ሸሚዙን አስተካክላ፣ ንፍጡን በእጇ ጠርጋ ነው።

ባለቤቴ ስትመጣ ደንግጣ ነበር፤ ከልጆቹ አንዱ ታሞ መስሏት። ትልቋ ሮጣ ተጠመጠመችባትና፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እማዬ፣ ፓርካችሁ እኮ ዥዋዥዌ የለውም» አለቻት። ባለቤቴ በሳቅ ፈነዳች፤ ጓደኞቿም እንዲሁ። ሰርቪሷን ትታ አራታችን በአንድ ባጃጅ ተጠቅጥቀን ገባን። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ በሩ ላይ ነን።

የደመወዝ ሰሞን እሑድ ደግሞ ሶደሬ እንወርዳለን፤ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍልውሃው ለእኔና ለልጆቹ ነው። ባለቤቴ ዛፍ ሥር ነጠላዋን አንጥፋ ትተኛለች፤ ጦጣ ዳቧችንን ሲነጥቅ እንኳ አልነቃችም። እንድንቀሰቅሳት አንፈልግም።

እንደኔ ለመውጣት የምታስቡ ወጣት አባቶች ካላችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። ከአሥር ሰዓት በፊት አትውጡ፣ የአዳማ ፀሐይ ለሕፃን አናት አይሆንም። ውሃ፣ ባርኔጣ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለትንሹ ደግሞ ሁለት መለዋወጫ ሱሪ ያዙ። አንድ አይበቃም። አንቀልባ ስታስሩ ጎንበስ ብላችሁ ልጁን ጀርባችሁ ላይ አስተኙት፤ አጥብቃችሁ ሳታስሩ ቀና አትበሉ። ለጎረምሶች መልስ አትስጡ፤ ልጁ ራሱ እያለፈ ቻው ይላቸዋል።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግን ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ደርሷታል። ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች ማለት ነው፤ ቤታችን ደግሞ አንድ ክፍል ነው። ከአሥር ሰዓት በፊት አትውጡ ያልኳችሁ ሰውዬ ራሴ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ሕፃናት ይዤ ልወጣ ነው። አዳማ ውስጥ ጥላ ያለው፣ ገንዘብ የማይጠየቅበት መዋያ የምታውቁ ካላችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉልኝ። ዥዋዥዌ ቢኖረው ይመረጣል።