እግር የሚያውቀው ቁልቁለት

ከክብረ መንግሥት ተነስቶ ወደ ነጌሌ ቦረና የሚሄድ መንገደኛ ደኑን ትቶ ወደ ግራር አገር ይወርዳል። ክብረ መንግሥት ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ፣ ነጌሌ ደግሞ 1,475 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ልዩነቱ በረጅም መንገድ ላይ ስለተበተነ ዓይን በቀላሉ አይይዘውም።

ሾፌራችን አንዱን ገደላማ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ጨርሶ ቀለል ወዳለው ቁልቁለት ሲደርስ፣ ጋቢና የተቀመጡ አዛውንት «ደግሞ ዳገት መጣ!» አሉ። ሾፌሩ ሳቀ። «አባባ፣ ነዳጅ ሳልሰጠው እኮ ነው የሚሄደው።»

ዓይን ተዳፋትን የሚገምተው በዙሪያው ካለው ጋር እያነጻጸረ ነው። ከከባድ ቁልቁለት ቀጥሎ የሚመጣ ቀላል ቁልቁለት አቀበት ይመስላል፤ አድማሱ በኮረብታ ሲጋረድ ስህተቱ ይብሳል። በየአገሩ «መኪና ሽቅብ የሚሳብበት» እየተባሉ ጎብኚ የሚያጥለቀልቃቸው መንገዶች ምስጢርም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጣሊያን ተመራማሪዎች ይህንኑ ማታለል ጠረጴዛ ላይ በሠሩት ትንሽ ሞዴል ደግመው አሳይተዋል።

ዘንበል ማለታችንን የሚነግረን ጆሮም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች አንገታችንን ስናዘነብል ይንሸራተታሉ፤ መኪና ሲፈጥን ወይም ፍሬን ሲይዝም እንደዚያው። ከመቀመጫው ፊት የተቀመጠው ግማሽ ጠርሙስ ውሃም ሜዳ ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ቁልቁል የሄድን ይመስል ወደ ፊት ይሰበሰብ ነበር።

ከነጌሌ ወደ ሜጋ አቅጣጫ መልካ ጉባ ላይ ዳዋን ተሻገርን። ቅርብ ያሉት ቁጥቋጦዎች ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ የሩቁ ተራራ ግን አብሮን ይጓዛል። በዱብሉቅ አቅራቢያ ያለውን የኤልሶድን ጨው ቤት፣ ጨው የሚወጣበትን ጥልቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ፣ ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ሲያዩት ግድግዳ ነው። አህዮች ግን ጨው ተጭነው፣ በሚጠማዘዘው ቀጭን መንገድ ይወጡታል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴኒስ ፕሮፊትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የ5 ዲግሪ ተዳፋትን 20 ዲግሪ ያህል ነው ብለው ገምተዋል። ገደል ገደል የሚለው ዳገት ከላይ ሲታይ ደግሞ ይበልጥ ቀጥ ያለ ይመስላል። እጃቸውን ሳያዩ በመዳፋቸው ሰሌዳ እያዘነበሉ እንዲያሳዩ ሲጠየቁ ግን ወደ እውነቱ በጣም ቀረቡ። የሾፌራችን እግር ከአዛውንቱ ዓይን የበለጠ ያወቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በእነዚህ የቆላ መንገዶች የምትነዱ ሁሉ፣ ሜዳ መሰለን ብላችሁ ማርሹን ዜሮ ላይ አትተዉት። የፍጥነት መለኪያውን እዩ፤ ነዳጅ ሳትሰጡት ፍጥነት ከጨመረ ቁልቁለት ላይ ናችሁ።