«ሁለታችሁ በአንድ ታንኳ አትግቡ»

ኖርዌይ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ስትደውል ወሬያችን አብዛኛውን ጊዜ በእናታችን ጤና ይጀምርና በምንዛሪ ያልቃል። ባለፈው ጥቅምት ግን ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ «እታለም፣ የሚመጣውን ክረምት እኔ ጋ ነው የምታሳልፉት። ካያክ እንቀዝፋለን» አለችኝ። ሳቅሁ። አርብ ገበያ ተወልዳ ያደገች ሴት፣ ያውም የእኛ ቤት ልጅ፣ ስለ መቅዘፍ ስታወራ መስማት ያስቃል። ሳቄን ስጨርስ ነው እሷ እንዳልሳቀች ያስተዋልኩት።

ካያክ አይታችሁ ለማታውቁ ላስረዳ። ከደንገል የሚሠራውን የጣናን ታንኳ አስቡ። እሱን በፕላስቲክ ሥሩት፣ ላዩን ሸፍኑት፣ መሀሉ ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው መቀመጫ የሚሆን ቀዳዳ ተዉለት። ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ ይገባና ሁለቱም ጫፎቹ ጠፍጣፋ የሆኑ መቅዘፊያ ይዞ ግራና ቀኝ ይቀዝፋል። ድሮ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ ሕዝቦች ለአደን ከእንስሳት ቆዳ ይሠሩት የነበረ ጀልባ ነው። ከትልቅ ጀልባ የሚለየው ውሃው እጃችሁ ሥር መሆኑ ነው። በእናንተና በጥልቁ መካከል አንዲት ስስ ሽፋን ብቻ ናት ያለችው።

የ13 ዓመት ልጄ አጠገቤ ሆና ስልኩን ትሰማ ነበር። እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጉዳዩ ከእጄ ወጣ።

አሁን ለምን እንደሳቅሁ ልንገራችሁ። አርብ ገበያ የታች ጋይንት ከተማ ናት። ወደ ደቡብ ስትሄዱ ደጋው በአንድ ቦታ ያልቅና ቁልቁለት ይጀምራል። ከሥር በሽሎ አለ፤ ማዶው ወሎ ነው። በሽሎን በበጋ ሱሪውን ሰብስቦ የሚሻገር ሰው ብዙ ነው። በክረምት ግን ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ፣ ቀልቶ፣ እየጮኸ ይወርዳል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በሽሎን ተሻግረዋል። የእንግሊዝ ጦርም በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ተሻግሮታል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የተሻገሩት በበጋው ወራት ነው።

ታላቅ ወንድማችን የተሻገረው በነሐሴ ነበር። 1986 ዓ.ም.፤ እሱ 19፣ እኔ 9፣ እህቴ 6 ዓመታችን። ማዶ ዘመድ ሞቶብን ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ለቅሶ ደግሞ ውሃ እስኪጎድል አይጠበቅም። ሲሄድ በሰላም ተሻገረ፤ ሲመለስ ወንዙ ወሰደው። በሽሎ የሚገባው አባይ ነው፣ አስከሬኑ አልተገኘም። እናታችን ለቅሶ የተቀመጠችው ልብሱን ዘርግታ ነው።

ከዚያ በኋላ በቤታችን «ውሃ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ነበረው። አንዱ የሚጠጣው ነው። ሁለተኛውን አንጠራውም። ምንጭ ስንሄድ እንኳ ቶሎ ካልተመለስን እናቴ ደጅ ወጥታ ትቆም ነበር። ዋና የሚባል ነገር ሳላውቅ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ልጄን ላንጋኖ ስወስዳት እንኳ እኔ አሸዋው ላይ ፎጣ ጠባቂ ነበርኩ።

እና ካያክ? ያውም ባሕር ላይ?

ሐሳቤን የቀየረው አንድ ፎቶ ነው። ልጄ አንድ ማታ «እማ፣ እዪው የምንሄድበትን» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ቦታው ኔሮይፊዮርድ ይባላል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ መሬት ዘልቆ የሚገባው የሶግነፊዮርድ አንዱ ቅርንጫፍ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በግራና በቀኝ ቀጥ ያለ ገደል፣ ከገደሉ ላይ እንደ ነጭ ክር የሚወርዱ ፏፏቴዎች፣ በጠባቡ በኩል ከዳር እስከ ዳር 250 ሜትር ብቻ። ሳላስበው «ይኼማ የእኛ ቆላ ነው!» አልኩ። ፊዮርድ ማለት የበረዶ ግግር በሺህ ዓመታት ቦርቡሮ ያወጣው ሸለቆ፣ በኋላ ባሕር ገብቶ የሞላው ነው። የበሽሎን ገደል አስቡትና ከወገቡ በታች ጸጥ ባለ ውሃ ሙሉት። ለሌላ ቱሪስት አዲስ ነገር ይሆናል፤ ለጋይንት ልጅ ግን የሚታወቅ ገደል ነው። ልዩነቱ ውሃው አይሮጥም። በቀን ሁለት ጊዜ በዝግታ ከፍ ይላል፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል።

ዕቅዱን የጀመርነው በዚያች ማታ ነው። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስብ ካለ፣ እኛን ያደከመንን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ እናንተ ባትደክሙ።

መጀመሪያ ቀኑ። በኖርዌይ ለካያክ የሚመቸው ወቅት ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ የትምህርት ቤት ዕረፍትም ነውና ጥሩ። እኛ ግን ጿሚዎች ነን። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ስለዚህ ያለችን ክፍተት ሦስት ሳምንት ተኩል ናት፤ ጉዟችንን እዚያች ውስጥ አስገባናት። በዚያን ጊዜ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ልጄ በዚህ ደስ ብሏታል፤ እኔ ግን መቼ እንደምትተኛ አላውቅም።

ቀጥሎ ቪዛ። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ከስድስት ወር ቀድሞ አይገባም፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀረውም አይሆንም። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ግማሽ የሚከፍሉት ከ6 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸውና የ13 ዓመቷ ልጄ እንደ ትልቅ ሰው ትከፍላለች፣ አሻራም ትሰጣለች። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ጋባዡ ዘመድ ደግሞ የዋስትና ቅጽ ይሞላል። እኔ የምመክራችሁ፣ ቪዛው እስኪመታ ድረስ ገንዘቡ የማይመለስ የአውሮፕላን ትኬት አትግዙ። ይኼን ያልኩት በሌላ ሰው አይቼ ሳይሆን በራሴ የድሮ ጉዞ ከስሬ ነው።

ሦስተኛው ውሃው። እህቴ ደጋግማ የነገረችኝ አንድ ነገር «ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ልበሱ» የሚል ነው። በሐምሌ ፀሐይ እየሞቀም ፊዮርዱ ይቀዘቅዛል። ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት ሲወድቅ ሳይወድ በግድ ትንፋሹን ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ከውሃ በታች ከሆነ አለቀ። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ለመዋኘት መታገያ ሳትሆን ተንሳፍፎ ትንፋሽ ማረጋጊያ ናት፤ የሚያንሳፍፈው ደግሞ ላይፍ ጃኬቱ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ8 ሜትር በሚያጥር ጀልባ የሚጓዝ ሰው ሁሉ ላይፍ ጃኬት እንዲለብስ የአገሩ ሕግ ያስገድዳል። ዋናተኛ ነኝ ብሎ ማውለቅ የለም። ካያክ ተከራይቶ ለብቻ ለመውጣት ብዙ ቦታ የ16 ሰዓት ሥልጠና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። እኛ የምንሄደው ከአስጎብኚ ጋር፣ ዳር ዳሩን፣ ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ነው።

ስንቅ ቀላሉ ነው። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከእኛ አገር ይዞ መግባት አይፈቀድምና ቋንጣና ቅቤ ይቅር። በሶ ግን ለቀዛፊ የተፈጠረ ምግብ ነው፤ እሳት አይፈልግ፣ ቦታ አይይዝ። ዝናብ ልብሱንም አትርሱ፤ እህቴ ያለችበት በርገን በዝናብ የታወቀ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ክረምት ሸሽቶ ሌላ ክረምት ውስጥ መግባት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በወረቀት ማሰናዳት ይቻላል። እኔ ግን ገና ፊቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ አላውቅም ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ሆቴል መዋኛ ተመዘገብኩ፤ በ41 ዓመቴ፣ ከስድስትና ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የገንዳውን ጠርዝ አልለቀቅሁም። አሠልጣኙ ትዕግሥተኛ ወጣት ነው። «እትዬ፣ ውሃው እኮ ይሸከምዎታል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ውሃ ሲሸከም ሳይሆን ሲወስድ ነው የማውቀው። አንድ ቀን፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ገብቶ የልጆቹ ጫጫታ ጠፋ። የተሰማኝን ደስታ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ወንድሜ ላይፍ ጃኬት ቢኖረው ኖሮ ብዬ አሰብኩ፤ ወጥቼ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ ላይ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ቢሾፍቱ ወርደን ሐይቁ ላይ ካያክ ተከራየን። በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ ስለሆነ ከዳሩ ትንሽ ፈቀቅ እንዳላችሁ ጥልቅ ነው። ልጄ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ለአሥር ደቂቃ ያህል በክበብ ዞርን፤ እሷ በግራ ስትቀዝፍ እኔም በግራ፣ ስንማማር በቀኝ። ከዚያ እኔ ዘወር ብዬ ለባለቤቴ እጄን ሳውለበልብ ተገለበጥን። ትንፋሼ ተቆረጠ። ከውሃው በላይ ብቅ ስል መጀመሪያ የፈለግሁት የልጄን ጭንቅላት ነው። አገኘሁት፤ እየሳቀች ነበር።

እናቴ ጥር ላይ ለዓይኗ ሕክምና መጥታ እኛ ጋ አረፈች። እህቴም እኔም ነገሩን ደብቀናት ነበር። የሚነግራት ሰው አልጠፋም፤ የልጅ ልጇ ቡና ሲፈላ «አያቴ፣ ኖርዌይ ሄደን በታንኳ ልንቀዝፍ ነው» አለቻት።

እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ ቆይታ «ውሃው ይሮጣል?» አለችኝ።

«አይሮጥም። የቆመ ነው።»

«ማዶው ይታያል?»

«ይታያል።»

«ያችን ልብስ አምጫት እስቲ፤ አታሰምጥም የምትሏትን።»

ላይፍ ጃኬቱን አመጣሁላት። ዓይኗ ስለታሸገ በእጇ ዳበሰችው፤ ማሰሪያውን፣ ስፌቱን፣ ውስጡ ያለውን ስፖንጅ ጫን ጫን አደረገችው። በገበያ ቀን ኩታ እንደምታይ ሴት ነበር የምታገላብጠው። «ይቺ ያኔ ነበረች?» አለች። ሌላ ቦታ እንደነበረች፣ እኛ ጋ ግን እንዳልነበረች ነገርኳት። «እህ» አለችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ሦስተኛው ቡና እስኪጠጣ ድረስ ከጉልበቷ ላይ አላወረደችውም።

ማታ መኝታዋን ሳነጥፍላት «አንች ልጅ» አለችኝ። «ከልክዬሽ አልቀርም ነበር። አርጅቻለሁ። ግን እህትሽና አንች ሁለታችሁ በአንድ ታንኳ አትግቡ።»

ቃል ገባሁላት። እህቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች፤ ሲያለቅሱ የሚሰማውን ዓይነት ዝምታ።

ባለፈው ሳምንት አስጎብኚዎቹ የላኩትን የምዝገባ ቅጽ ስሞላ ነበር። አራት ነን፤ ባለሁለት ሰው ካያክ ሁለት። ቅጹ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ይጠይቃል። በአንደኛው ላይ የእህቴን ስም ጻፍኩ፣ በሁለተኛው ላይ የእኔን። ባለቤቴ «እኔ የትም እገባለሁ» ይላል። ልጄ ከአክስቷ ጋር ካልሆነች አልሄድም ብላለች። እናቴ ወደ አርብ ገበያ ከተመለሰች ወዲህ በየቀኑ እየደወለች አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፦ «ልጅቱስ ከማን ጋር ናት?»

ቅጹ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው።