ብሬከሩ ሲነግረኝ አልሰማሁትም

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

እዚህ ባሕር ዳር በምናገለግልበት መስጂድ አምፑል ሲቃጠል፣ የድምፅ ማጉያ ገመድ ሲላቀቅ የምጠራው እኔ ነኝ። «ኡስታዝ እኮ ሁሉን ይችላል» ሲሉኝ የመብራት ባለሙያ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ረመዷን ቤታችን ምጣድ በተጣደ ቁጥር ብሬከሩ ይወርድ ጀመር። ባለቤቴ «ሰው ጥራ» አለችኝ። እኔ ግን ገበያ ሄጄ ባለ 32 አምፔር ገዝቼ ቀየርኩት። መውረዱ ቆመ። ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን እናት ያው ችግር እንዳለባቸው ሲነግሩኝም ለአጅር ብዬ በነፃ ቀየርኩላቸው።

ከሳምንት በኋላ ለኢፍጣር እንጀራ ሲጋገር የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሶኬቱ ጠቁሯል፣ ግድግዳው ይፋጃል። ዋናውን አጥፍተን የጠራነው ባለሙያ ሲከፍተው የሽቦው ልባስ ቀልጧል።

«ወንድሜ፣ ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው» አለኝ። «3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ፍሪጅና ካውያ ሲጨመርበት ቀጭን ሽቦ አይችልም። ሲወርድብህ በቃኝ እያለህ ነበር፤ አንተ አፉን ዘጋኸው።»

ያኔ ለልጆች የማስቀራው ሐዲስ ትዝ አለኝ። አቡ ዳውድ በዘገቡት፣ ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ኒያዬ መልካም ነበር፤ ግን የእኚያን እናት ቤት ያለ ዕውቀት ነክቻለሁ። በቴምርና በውሃ አፍጥሬ ባለሙያውን ይዤ እሳቸው ቤት ሄድኩ። የእሳቸውም ሽቦ መቅለጥ ጀምሮ ነበር። ዐፍው በሉኝ አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው ሳይጎዳ ደረስን።

ወጣቶች ሆይ! አጥፍቶ አምፑል መቀየር፣ የተሰካ ዕቃ መንቀል ለማናችንም ቀላል ነው። ነገር ግን ዕቃው ሁሉ ተነቅሎም ብሬከሩ ከወረደ፣ ሶኬት ከሞቀ ወይም ከጠቆረ፣ ቧንቧ ወይም የፍሪጅ በር ከነዘረ፣ በክረምት እርጥበት ግድግዳው ውስጥ ከገባ፣ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። የቤቱ መብራት አንዴ ደምቆ አንዴ ከደበዘዘ ዋናውን አጥፉ፤ የኒውትራል መስመር ላልቶ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከቆጣሪው ወይም ከምሰሶው ከሆነ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን በ905 ጥሩ፤ ራሳችሁ እንዳትወጡ። ሰው መብራት ከያዘው በእጃችሁ አትንኩት፤ መጀመሪያ ዋናውን አጥፉ።

ተወኩል ግመልን አስሮ ነው። «አላውቅም» ማለትም ከዕውቀት ነው። አላህ ቤታችንን ከእሳት፣ ነፍሳችንን ከኩራት ይጠብቅልን። አሚን።